ልጆች በአንድ ቁና አይሰፈሩም

ልጆቻችሁን በማለዳ ቀስቅሳችሁ፣ ምሳቸውን ቋጥራችሁ፣ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ሸኝታችሁ ወደ ሥራ ገበታችሁ የምትሮጡ እናቶች፤ የዛሬው ጨዋታችን ስለ ልጆቻችን ትምህርትና ስለሚመዘኑበት መንገድ ነው። ከሌላ ሰው ቤት ከምጀምር ከራሴ ቤት ልጀምር። ጥፋቱም የራሴ ነበርና።

በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር መጨረሻ፣ ያን ጊዜ ሁለተኛ ክፍል የነበረችው ልጄ የመጀመሪያውን መንፈቀ ዓመት ካርድ ይዛ መጣች። ከ54 ልጆች 51ኛ ወጥታለች። ያ ሰሞን ደግሞ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት የተገለጸበት ሰሞን ነበር። የ2014 ዓ.ም. ፈተናን ከወሰዱት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸው ስለ ተነገረ፣ በመሥሪያ ቤትም በታክሲም ወሬው ሁሉ ይኸው ሆኖ ነበር። እኔም ይህንኑ ስሰማ ውዬ ማታ ቤቴ ገብቼ ካርዱን ባየሁ ጊዜ ክፉኛ ደነገጥኩ። ድንጋጤዬንም በልጅቱ ላይ ተወጣሁት። «ደነዝ!» አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም። ደብተሮቿን አንድ በአንድ ሰብስባ ከፍራሿ ሥር ስትከት አየኋት። ከዚያ ዕለት ጀምሮ «ደብተርሽን አውጪ» ባልኳት ቁጥር «ሆዴን አመመኝ» ማለት አመጣች።

እናንተስ፣ እንዲህ ያለ ቃል ከአፋችሁ አምልጦ አያውቅም? እኔ ቃሉን መመለስ ብፈልግም አልቻልኩም። የመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ሲደርስ ፈቃድ ጠይቄ፣ ልጄን ይዤ ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ ደብረ ታቦር፣ እናቴ ዘንድ ሄድኩ።

ደብረ ታቦር ከባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከጉና ተራራ ወዲህ የምትገኝ ደጋ ከተማ ናት። በየካቲት ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እናቴ ማንበብ ስለማትችል ካርዱን እንዳነብላት ጠየቀችኝ። «ከሃምሳ አራት ሃምሳ አንደኛ» ስላት ጥቂት ዝም አለችና፣ «ወንድምሽንም ደነዝ ነው ብለን ነው ያስቀረነው፤ ይህችን ደግሞ እንዳትደግሚብኝ» አለችኝ።

ታላቅ ወንድሜ በልጅነቱ ይንተባተብ ነበር። አራተኛ ክፍል ሳለ አስተማሪው ልጆቹን ተራ በተራ እያስነሳ ጮክ ብለው እንዲያነቡ ያዝ ነበር፤ ለንባብ የሚሰጠውም ማርክ በዚሁ ብቻ ነበር። ወንድሜ ሲነሣ የመጀመሪያዋ ቃል ከጉሮሮው አልወጣ ትለዋለች፤ ክፍሉ ይስቃል፤ አስተማሪው «ተቀመጥ» ይልና ዜሮ ይጽፍበታል። እቤት ግን ያው ልጅ ለእናታችን የሚመጣላትን ደብዳቤ ሁሉ በዝግታ የሚያነብላት እርሱ ነበር። አንድም ሰው «እስቲ ያነበብከውን በጽሑፍ አስረዳን» ወይም «ለብቻህ አንብብልኝ» ያለው የለም። ዓመቱ ሳያልቅ ቀረ። እኛም ትምህርት አልገባውም አልን። ዛሬ በዚያው ከተማ አናጢ ነው። የሚያስፈልገውን ጣውላና ሚስማር በቃሉ አስልቶ ይነግራችኋል። ከሚሠራቸው ዕቃዎች የሚበዛው ደግሞ የተማሪ ዴስክ ነው።

በማግሥቱ እናቴ፣ «ከየኔታ ዘንድ ውሰጃት፤ የት እንዳለች እርሳቸው ያውቋታል» አለችኝ። ለአንድ ሳምንት ምን ሊረባ ብዬ ነበር፤ ግን እሺ አልኩ።

የኔታ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ ፀሐይ በሚመታው በኩል ተቀምጠዋል። ዙሪያቸውን ያሉት ልጆች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ይጮኻሉ። አንዱ ገና «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ» ይላል፤ ሌላው አቡጊዳ ይዟል፤ ከፍ ያለው መልእክተ ዮሐንስ ያነባል፤ አንዱ ጎረምሳ ዳዊት ደርሶ ሁለት ትንንሾችን ፊደል ያስቆጥራል። ልጄን አጠገባቸው አስቀመጧትና በእጇ ስንደዶ ሰጥተው፣ «እስቲ ልጄ፣ ቁጠሪልኝ» አሏት። እርሷም ከዳር እስከ ዳር እንደ ዘፈን አወረደችው። እኔ ኮራሁ። እርሳቸው ግን ዝም ብለው ስንደዶውን ተቀበሏትና ከየቦታው እየዘለሉ ይጠቁሙላት ጀመር። «ጉ» አለች፤ «ሚ» አለች፤ «ሳ» እና «ቤ» ብላ መለሰች። «ል» ላይ ሲደርሱ ዝም አለች። «ር»፣ «ን»፣ «ጥ»፤ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። አልተቆጧትም። ትንሽ ወደ ኋላ መለሷት፣ የምታውቀውን አስቆጠሯት፣ እንደገና ሞከሯት። ከዚያም ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጅሽ ደህና ናት፤ ሳድስ ላይ ቆማለች» አሉኝ። ይህ ሁሉ ሻይ እስኪፈላ ድረስ እንኳ አልፈጀም።

ነገሩን ልብ በሉልኝ። ካዕብና ሣልስ፣ ራብዕና ኃምስ ብዙውን ጊዜ መልካቸው ሥርዓት አለው፤ እግር ይረዝማል፣ ቀለበት ይጨመራል። ሳድስ ግን አንዱ ጉልበቱን ይሰብራል፣ ሌላው ከጎኑ ጭረት ያወጣል፤ አንድ በአንድ ካልተያዘ በቀር አይለመድም። በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ ከሁሉ የሚበዛው እርሱ ነው። «ትምህርት» የሚለውን ቃል እንኳ ብትመለከቱ አምስቱም ፊደሎቹ ሳድስ ናቸው። ሳድስ ያልያዘች ልጅ ሁለተኛ ክፍል መጽሐፍ ፊት ስትቀመጥ፣ በሩ የተቆለፈ ቤት ደጃፍ ላይ እንደ ቆመች ቁጠሩት።

እንዴት ሊያመልጣት ቻለ ብዬ ሳስብ ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ፊደል በምትቆጥርበት በመዋዕለ ሕፃናት ዘመኗ፣ መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ተከፍተው አንደኛ ክፍል ስትገባ መጽሐፉ ወደ ቃላትና ወደ ዓረፍተ ነገር ሄዷል። ክፍሉ በሙሉ ወደ ፊት ሲራመድ አንዲት ልጅ ሳድስ ላይ መቅረቷን ማን ያይላታል? ካርዱማ 51ኛ ናት አለኝ፤ ከማን እንደምታንስ ነገረኝ። የት እንደ ቆመችና ምን ቢደረግላት እንደምትራመድ ግን አልነገረኝም። የኔታ የነገሩኝ ይህንኑ ነበር።

የቄስ ትምህርት ቤትን ከልክ በላይ ላሞግስ አልተነሣሁም። አለንጋውን የቀመሳችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሒሳቡም ሳይንሱም እዚያ የለም። ነገር ግን አንድ ያስቀመጠልን ቁም ነገር አለ። ልጁ ቁጥሩን ሳይጨርስ ወደ ግዕዝ ንባብ፣ ግዕዙን ሳያውቅ ወደ ውርድ ንባብ፣ ከዚያም ወደ ቁም ንባብ አይሻገርም። አንዱ በሦስት ወር ይደርስበታል፣ ሌላው ዓመት ይፈጅበታል፤ የሚጠየቀውም በተማረው ነው። ከፍ ባለው ትምህርትም እንዲሁ ነው። በዚያው በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት ምድር የሚገኙት ቤተልሔም በድጓ፣ ዙር አምባ በዝማሬ መዋሥዕት የታወቁ የምስክር ቦታዎች ናቸው፤ ደቀ መዝሙሩ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ለብቻው ተሰምቶና ታርሞ ነው የሚያስመሰክረው። ትምህርቱ በቃል የሚያዝ በመሆኑም ዓይነ ስውራን በዜማና በቅኔ ተምረው የታወቁ መምህራን እስከ መሆን ደርሰዋል። ዓይናቸው ሳይሆን ዕውቀታቸው ነው የተመዘነው። በእስልምናውም ወገን በቁርአን ቤት ልጁ የራሱን ሎህ ይዞ ከአስተማሪው ፊት ተራውን ይቀራል።

ይህ መንገድ ዛሬም ባዕድ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ የአገራችን ክልሎች የተደረገው የንባብ ምዘና ልጆቹን አንድ በአንድ አስቀምጦ በማስነበብ የተካሄደ ነበር። ያን ጊዜ ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ከሦስቱ አንዱ ያህል አንዲት ቃል እንኳ በትክክል ማንበብ እንዳልቻለ ታወቀ። እነዚህም ልጆች በየክፍላቸው ማርክ የሚሰጣቸው፣ ደረጃ የሚወጣላቸው ነበሩ። ልጄ ብቻዋን እንዳልሆነች የገባኝ ይህን ሳስታውስ ነው።

«ታዲያ የኔታ ሃያ ልጅ ቢኖራቸው ነው፤ ስድሳ ልጅ በአንድ ክፍል የያዘች አስተማሪ ምን ታድርግ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እኔም ይህንኑ ጥያቄ ይዤ አብራኝ የተማረችና ዛሬ በከተማው ሦስተኛ ክፍል የምታስተምር ጓደኛዬ ዘንድ ሄድኩ። «ወሬው ምን ያደርግልሻል፤ ነገ መጥተሽ እዪ» አለችኝ።

ክፍሉ 63 ልጆች አሉት። አንዳንዱ የስምንት ዓመት፣ አንዳንዱ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው። መጀመሪያ ኮሮና፣ ቀጥሎም በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. በአካባቢው የደረሰው ጦርነት ትምህርቱን ስላቋረጠባቸው ከየቦታው ተሰባስበው ነው አንድ ክፍል የተገናኙት። ያን ዕለት የምታስተምረው ማካፈል ነበር። የፋርጣ ገበሬ ከገብሱ ጋር ድንች የሚያመርት ስለሆነ ትንንሽ ድንች በቁና አስመጥታለች። ርዕሱን ለሁሉም በአንድነት ካስረዳች በኋላ ልጆቹን በሦስት ከፈለቻቸው። መቀነስ ገና የሚያስቸግራቸው 12 ድንች ይዘው ለሦስት ሰው እያደሉ ይቆጥራሉ። መካከለኞቹ በደብተራቸው ክብ እየሣሉ ያካፍላሉ። የቀደሙት ደግሞ ስለ ገበያ የራሳቸውን ጥያቄ ጽፈው ለጓደኛቸው ይሰጣሉ። ጆሮው የሚያስቸግረውን ልጅ ከፊት አስቀምጣዋለች፤ ወደ ሰሌዳው ዞራ ስትጽፍ ፈጽሞ አትናገርም፤ ጽፋ ስትጨርስ ፊቷን ወደ እርሱ መልሳ ነው የምታስረዳው። ዓይኗ ለደከመ አንዲት ልጅ ደግሞ በአሮጌ ካላንደር ጀርባ ላይ ጥያቄዎቹን በትልልቁ ጽፋላታለች።

ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ ፈተናው ነው። ጥያቄው ለሁሉም አንድ ነበር፤ 24 ድንች ለአራት ቤተሰብ እኩል ይታደል። አንዱ በጽሑፍ መለሰ። እጁ ለመጻፍ የሚዘገይበት ልጅ ጠረጴዛዋ ዘንድ ቀርቦ በቃሉ አስረዳት። አንዲት ልጅ ድንቾቹን ደርድራ አሳየቻት። በልቤ፣ ወንድሜ እዚህ ክፍል ቢሆን ኖሮ አልኩ።

«ይህ ማድላት አይሆንም?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ምን ማድላት አለው! ሁሉም ስድስት ማለት አለበት» አለችኝ። «መልሱን ለማንም አላቀልም፤ መንገዱን ነው የማበዛው።»

ይህች ጓደኛዬ መልአክ አይደለችም፤ ለእያንዳንዱ ልጅ የየብቻው ትምህርት ልታዘጋጅ ብትነሣ በሁለት ቀን ትታመም ነበር። የምታደርገው ሌሎቹ ሥራቸውን ሲሠሩ በቀን አምስት ልጅ ብቻ እየጠራች ለብቻው መስማት ነው። በቀን አምስት ሲሆን 63ቱን ለማዳረስ 13 የትምህርት ቀን፣ ማለትም ሦስት ሳምንት የማይሞላ ጊዜ ይበቃታል። የሰማችውንም በአንዲት ደብተር ትይዛለች። ደብተሯን አሳይታኝ ነበር፤ ማርክ ሳይሆን «ማባዛት በ7 ላይ ቆሟል»፣ «አንብባ ትረዳለች፣ ስትጽፍ ፊደል ትዘላለች» የሚል ነው። ቡድኖቹንም በየሁለት ሳምንቱ ታቀያይራቸዋለች። «ካልቀየርኳቸው አንዱ ቡድን የሰነፎች ቡድን የሚል ስም ይወጣለትና ስሙ ከልጁ ላይ አይለቅም» ትላለች። ችግሯንም አልደበቀችኝም። ልጅ በዝቶባታል፤ የወረቀት እጥረት አለ፤ በአጨዳ ወራት ከዳር ሰፈር የሚመጡት ይቀራሉ፤ በዓመቱ መጨረሻ የሚፈለግባትም ያቺው አንዲት ቁጥርና ደረጃ ናት።

እንደሚታወቀው በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘና የሚባለውን ወደ ትምህርት ቤቶቻችን አስገብቷል። አሳቡ ልጁ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ሳይሆን በየጊዜው እየታየ እንዲረዳ ነበር። በብዙ ቦታ ግን ተከታታይ ምዘና ማለት ተከታታይ ፈተና ሆኖ ቀርቷል። አምስት ትንንሽ ፈተና ተሰጥቶ ይደመራል፤ የወደቀው በአምስቱም ይወድቃል፤ በመካከሉ የተለወጠለት ነገር የለም። ጤፉን አሥር ጊዜ መስፈር አያበዛውም። ምዘናው የሚጠቅመው አስተማሪዋ ካየችው ነገር የተነሣ የነገውን ትምህርት የለወጠች እንደሆነ ነው።

«ብሔራዊ ፈተናው ለሁሉም አንድ አይደለም ወይ? እንዲህ ተሞላቅቀው እዚያ ምን ይውጣቸዋል?» የምትሉም ትኖራላችሁ። ሥጋታችሁ ሥጋቴ ነው። ሆኖም ልጁን በመጨረሻ ለአንዱ መስፈሪያ የሚያበቃው በመንገዱ ላይ የጎደለው ሲሞላለት ነው እንጂ፣ ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ መጉደሉን ብቻ ሲነግሩት አይደለም። ያልገባውን እንደ ገባው አድርጎ ማርክ መስጠትም ርዳታ አይባልም፤ ማታለል ነው።

አዲስ አበባ ስመለስ የልጄን አስተማሪ ለማነጋገር ሄድኩ። ወቀሳ ይዤ የመጣሁ መስሏት ፊቷ ጠቆረ፤ «54 ልጅ ነው ያለኝ እኮ» አለችኝ። እውነቷን ነው። «ሳድስ ላይ ቆማለች፤ ቤት እኔ አስጠናታለሁ፤ አንቺ በሳምንት ሁለት ቀን ዐሥር ደቂቃ ብቻ ስሚልኝ» ስላት ግን ለጥቂት ጊዜ አየችኝና፣ «እንዲህ ብሎ የመጣ ወላጅ የለም፤ ሁሉም ለምን ደረጃዋ ዝቅ አለ ነው የሚለኝ» አለች። ተስማማን። ውሎ አድሮም በዚያው በአስቸጋሪው ፊደል ላይ የቆሙ ሌሎች ሰባት ልጆች አግኝታ ከልጄ ጋር በአንድነት ትሰማቸው ጀመር።

እቤታችን መማሪያችን ጋዜጣ ሆነ። ማታ ማታ ለሩብ ሰዓት እኔ ወጥ ስሠራ እርሷ ከወጥ ቤቱ በርጩማ ላይ ተቀምጣ በጋዜጣው ገጽ ላይ ያለውን «ም» ሁሉ በእርሳስ ትከባለች፤ በማግሥቱ «ር»፣ በሦስተኛው ቀን «ት»። ከመጀመሬ በፊት ግን ይቅርታ ጠየቅኋት። «ያን ቀን ያልኩሽ ቃል ውሸት ነው» አልኳት። «ታዲያ ለምን አልሽኝ?» አለችኝ። «ፈርቼ» አልኳት። ይህ መልስ ገባት መሰለኝ፤ ደብተሮቿ ከፍራሹ ሥር ወጡ።

ተአምር አልተፈጠረም። በሰኔ የመጣው ካርድ 38ኛ ይላል። ነገር ግን ካርዱን ያነበበችልኝ እርሷ ራሷ ነበረች፤ በጣቷ እየተከተለች፣ «የ-ት-ም-ህ-ር-ት ዓ-ይ-ነ-ት» ብላ። ለአያቷ በስልክ እንዲሁ ስታነብላት አጠገብ የነበረው ወንድሜ ስልኩን ተቀብሎ ረዥም ጊዜ ወሰደበትና፣ «ጎ…ጎ…ጎበዝ» አላት። እርሷም ሳትቸኩል ጠበቀችው።

እንግዲህ እናቶች፣ አባቶችም ብትሆኑ፣ ካርዱ ሲመጣ ከደረጃው በፊት ልጃችሁ የት ላይ እንደ ቆመ ጠይቁ። አስተማሪዋን «ስንተኛ ወጣ?» ከማለት «ምን ያውቃል፣ ምን ቀረው፣ እኔስ ምን ልርዳ?» በሏት፤ ስትጠይቁም በደግ ቃል ይሁን፤ እርሷም በስድሳ ልጅ መካከል የቆመች ሰው ናት። ልጁ የሚያውቀውን በአንዱ መንገድ መግለጽ ካቃተው በሌላው ሞክሩት። በቃል ያቃተው ይጻፈው፣ መጻፍ ያቃተው ይናገረው፣ ሁለቱም ያቃተው በእጁ ያሳየው። ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሩ። ከታላቁ ወይም ከጎረቤት ልጅ ጋር አታወዳድሩት፤ ከትናንቱ ከራሱ ጋር አወዳድሩት። ይህን ሁሉ ለማድረግ የተማረች እናት መሆን አያስፈልግም፤ ፊደል የማትለየው እናቴ ናት ከየኔታ ዘንድ የላከችን።

ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ይባላል። ንፍጡን መጥረግ ግን የእኛ ሥራ ነው።